ጀግናዬን እንድገድለው ለመከሩኝ ሰብሳቢ

ሰኔ 1982 ዓ.ም.
ሆጤ፣ ደሴ

ለተከበሩ ጓድ ደጉ ፈንታሁን
የድርሰት መርማሪና አማካሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደሴ

እጅግ የተከበሩ ጓድ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በትምህርቱ ዕለት ንግግርዎን አቋርጠው ወገብዎን ሲይዙ አይቼ ነበርና፣ ክረምቱ ሲገባ እንዳይብስብዎት ሰግቻለሁ፤ ወገብዎንም፣ ዓይንዎንም፣ በተለይ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ የሚይዙበትን ቀኝ እጅዎን አላህ ይጠብቅልን። እኔ አልሐምዱሊላህ ከሱቄ ወደ ቤቴ፣ ከቤቴ ወደ ሱቄ እየተመላለስኩ አለሁ። «ጓድ» ማለቱ ከየካቲቱ የቅይጥ ኢኮኖሚ መግለጫ ወዲህ ይቅር አይቅር በቀበሌያችን ገና ስላልተነገረን፣ ክብርዎን እንዳላጓድል ብዬ እንደነበረው ጽፌዋለሁ።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ደፍሬ እንዳይመስልዎት። የታሸገውም ቢሆን ከባለቤቱ እጅ ሳይገባ ተከፍቶ መነበቡ ስለማይቀር፣ ፖስታ ለመክፈትና መልሶ ለማሸግ የሚባክነውን የመንግሥት ሠራተኛ ጊዜ ለመቆጠብ ያህል ነው። አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ፣ ሌላውን በሱቄ በር ላይ፣ ከተሰቀለው አቡጀዲ ጎን ለጥፌዋለሁ። ገበያተኛ ቆሞ ቢያነበው የእርስዎን ስም ከማስጠራት በቀር ለኔ የሚያመጣልኝ ጥቅም የለም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ሂንድ አብዱልሐሚድ እባላለሁ። በሚያዝያ ወር በአዳራሹ ተገኝተው ለጀማሪ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ስለ ገጸ ባሕርይ አቀራረጽ ትምህርት ሲሰጡ፣ ከኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ የነበርኩት ጨርቅ ሻጯ ነኝ። እንደሚያስታውሱት የመጣነው ጥቂት ነበርን፤ ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ከኮምቦልቻ የመጡ የፋብሪካ ኪነት አባላት፣ አንድ የፊዚክስ አስተማሪ፣ እና እኔ። ስለ ምድሩ መጻፍ አስቸጋሪ በሆነበት አገር ስለ ጠፈር የሚጽፍ ሰው ይበዛል ብዬ ገምቼ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

ድርሰቴን ስላነበቡት እርስዎ ያውቁታል፤ በር ላይ ቆሞ ለሚያነበው ሰው ግን በአጭሩ ልናገር። ከሆጤ የተነሣ አንድ ወጣት በመንኮራኩር ተሳፍሮ ወደ ሩቅ ኮከብ ይሄዳል። ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ሬዲዮው ጸጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው የድርሰቱ ክፍል እቤት የቀሩት ሰዎች ሲጠብቁት ነው። የወጣቱ ስም ጀላል ነው። ጀላል የልጄም ስም ነው። ልጄ በ1978 ዓ.ም. ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣልኝ ኮምቦልቻ በወረደበት ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፤ ጥቂት ጊዜ ጻፈልኝ፤ ከ1980 ዓ.ም. መጋቢት ወዲህ ግን ድምፁ የለም። ሞተ ያለኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም። ይህን ለእርስዎ ቀደም ብዬ ያልነገርኩት ስላልጠየቁኝ ነው።

አሁን ረቂቄን ከነእርማትዎ ስለመለሱልኝ፣ የሰጡኝን ምክር በተራ እያነሣሁ ምስጋናዬን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ጀግና ፍርሃት አያውቅም፣ አካሉም ጽኑ ነው ብለው አስተምረውናል። በረቂቄ መጀመሪያ አካባቢ ጀላል የኮምቦልቻውን ቁልቁለት ሐረጎን በአውቶቡስ ሲወርድ ያስመልሰዋል። እርስዎ ከሥሩ አስምረው «ሐረጎን መውረድ ያቃተው ሰው ጠፈር እንዴት ይወጣል?» ብለው ጽፈዋል፤ በአዳራሹም ስሜን ሳይጠሩ ይህንኑ አንሥተው ሰው ሁሉ ስቋል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። የኔ ጀላል ያ መንገድ ከልጅነቱ ጀምሮ አይስማማውም ነበር፤ ጠመዝማዛው ገና ሳይጀምር ፊቱ ይገረጣል፤ ስለዚህ የሎሚ ልጣጭ በኪሱ ይይዝና እያሸተተ ነው ኮምቦልቻ የሚደርሰው። ሲመለስም አይጥለውም፤ ልብሱን ሳጥብ ደርቆ አገኘዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ አንድ ቀን ከሰማይ በላይ እወጣለሁ ይለኝ ነበር፤ እኔም አንባቢ ጀግናዬን የሚወድደው ለዚህ ይመስለኝ ነበር። መታፈሱን ሰምቼ ኮምቦልቻ በወረድኩ ጊዜ ሎሚ ይዤ ነበር። ወደ ሰሜን ሲወስዱት ሐረጎን መልሰው ሊያወጡት መሆኑ ገብቶኛል። የታፈሱት የተያዙበትን ግቢ የሚጠብቀው ወታደር አላስጠጋኝም፤ ሎሚውን ግን ተቀበለኝና «ይደርሰዋል፣ እናቴ» ብሎ ኪሱ ከተተው። ደርሶት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በምክርዎ መሠረት ማስመለሱን ሰርዣለሁ። አሁን ጀግናዬ ሐረጎን እያፏጨ ይወርዳል። ጥሩ ሰው ይመስላል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ግን እንጃ።

ሁለተኛ፣ ገጸ ባሕርይ ከጭቁኑ መደብ መወለድ አለበት ብለዋል። የኔው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ያውም አያቱ ከየመን ባሕር ተሻግሮ የመጣ በመሆኑ፣ «ንዑስ ከበርቴ፤ ምንጩ ይስተካከል» የሚል አስተያየት ከስሙ ራስጌ ሰፍሯል። እዚህ ላይ ትንሽ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። አባቴ አብዱልሐሚድ አንድ ጥቅል ጨርቅ ተሸክሞ ደሴ ሲገባ አማርኛውንም፣ ጭጋጉንም፣ በርበሬውንም አያውቅም ነበር። የሚተኛበትንና ውሃ የሚጠጣበትን በእጁ ምልክት እየጠየቀ ሲዞር፣ አንዲት የሆጤ ሴት አሳዘናትና አይዞህ ስትል «አብሽር» አለችው። ከገባ ጀምሮ ከሰማው ሁሉ የገባው ያ ብቻ ነበር፤ የገዛ አገሩ ቃል እሱን ቀድሞት እዚህ ደርሶ ጠበቀው። እኔም ጀላልን በሩቁ ኮከብ ላይ ሳወርደው፣ ከማያውቀው ጫጫታ መካከል ይህችን አንዲት ቃል እንዲሰማ አደረግሁ። እርስዎ «ከሳይንስ ውጭ» ብለው ሰረዙት። ዕድሉን ሰጥተውኝ ቢሆን፣ ከፊቴ ለተቀመጡት ተማሪዎች ስለ ሌላ ዓለም መንገደኛ ልትጽፉ ስትነሡ መጀመሪያ አያቶቻችሁን ጠይቁ እላቸው ነበር፤ ግን የመጡት ከእርስዎ ሊማሩ ነውና ጽሕፈቴን ቀጠልኩ።

ምንጩንም አስተካክያለሁ። የጀግናዬ አባት አሁን የኮምቦልቻ ወዛደር ነው። ይሁንና ለታሪኩ የሚያመጣው ለውጥ ብዙ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም የታፈሱትን ልጆች የጫኑት ሰዎች መደብ ሲጠይቁ አላየሁም። ከኮምቦልቻው ግቢ በወጣው የጭነት መኪና ላይ የነጋዴ ልጅም፣ የወዛደር ልጅም፣ ለገበያ የመጣ የኩታበር ገበሬ ልጅም ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው ቆመዋል። ስለ እኩልነት በየስብሰባው ብዙ ተነግሮኛል፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። አምና ረቂቁን መጀመሪያ ባቀረብኩ ጊዜ፣ በጀግናዬ የራስ ቁር ላይ ቀይ ኮከብ ይደረግ ብለው አዘዙኝ፤ አደረግሁ። ዘንድሮ በሁለተኛው ምርመራ ይኸው ኮከብ «ይውጣ» ተብሎ በዚያው እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ አወጣሁ። ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁና ወደፊት ምን እንደሚለጠፍበት ሲታወቅ ቢነገረኝ ደስ ይለኛል። መንኮራኩሩ ሲነሣ «ቢስሚላህ» ማለቱንም በትእዛዝዎ መሠረት «በሳይንስ ኃይል» በሚል ተክቼዋለሁ። መንኮራኩሩ በዚህኛውም ተነሥቷል፤ አላስቸገረም።

አራተኛ፣ ስለ እናትየዋ ነው። የእናት ገጸ ባሕርይ ልጇን በእልልታ መሸኘት አለባት፤ እንባ የአንባቢን ወኔ ይሰልባል ብለዋል። ይህን ከእርስዎ በፊትም የነገረኝ ሰው ነበር። ልጆቹ በሚጫኑበት ዕለት የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ በግቢው በር ላይ የቆምነውን እናቶች ሰብስባ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ እልል እንድንል አሳሰበችን። ገበያነሽ የምትባል የግድግዳ ጎረቤቴ አለች፤ የእሷም ልጅ ብሩ እዚያው መኪና ላይ ነበር፤ ከጀላል ጋር አብረው ነው ያደጉት። ገበያነሽ ሰው አክባሪ ናትና እንደታዘዘችው እልልታዋን ጀመረች፤ መሃል ላይ ግን ድምፁ አልታዘዝ አላትና ሌላ ነገር ሆነ። መኪናው ላይ ከነበሩት አንዳንዶቹ እጃቸውን አወዛወዙ። ጀላል አላወዛወዘም፤ አፉን በመዳፉ ይዞ ነበር። መንገዱን ፈርቶ ይሁን፣ ለቅሶውን ይዞ ይሁን፣ ከዚያ ርቀት መለየት አልቻልኩም።

ይህንኑ እንዳለ ጻፍኩት። እርስዎም «የእናትየዋ ገጸ ባሕርይ ደካማ ነው» ብለው አረሙኝ። ልክ ነዎት፣ ጓድ ሰብሳቢ። ደካማ ናት። ከእሷ ጋር የምኖረው እኔ ነኝና ድክመቷን ከእርስዎ ይበልጥ አውቀዋለሁ። ሎሚ በገዛች ቁጥር ልጣጩን መጣል አቅቷት መደርደሪያ ላይ የምታደርቅ ሴት ናት።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

የአንድ ገጸ ባሕርይ መጨረሻው መታወቅ አለበት፤ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ጀግና አንባቢን ያደናግራል፣ ከጠላት ጋር ተደባልቆ እንደሆነም ያስጠረጥራል ብለዋል። ስለዚህ ድርሰቱ እንዲታተም ከተፈለገ ጀላል ወይ በድል ይመለስ፣ ወይ በክብር ይሙት ብለው ወስነዋል፤ መመለሱ ደግሞ «ከተጨባጩ ሁኔታ ጋር ስለማይጣጣም» መሞቱን መርጠውልኛል። አንድ ገጽ እንደሚበቃም፣ ከመሞቱ በፊት የሚናገረው ቃል ቢኖረው እንደሚያምርም በትሕትና ጠቁመውኛል። ለዚህ ሁሉ ድካምዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሞክሬያለሁ። ብዕር ይዤ ተቀመጥኩና «ጀላል» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ያውቁታል፤ እሱን እጄ እምቢ አለ። እምቢተኝነት እንዳይመስልብኝ ምክንያቱን ላስረዳ፤ እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና የሚጠፋዎት አይመስለኝም። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገርበት ወግ አለው። የሰማው ሰው እየሮጠ አይመጣም፤ መጀመሪያ ለሽማግሌዎች ይነግራል፤ እነሱም ጎረቤት ያስጠነቅቃሉ፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ተሰግዶ እንዳበቃ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆነው ይመጣሉ። እናቲቱ ስትወድቅ የሚይዟት ሴቶች ከኋላ ይቆማሉ። ለእናት የልጇን መርዶ የሚነግራት ሌላ ሰው ነው። ራሷን ያረዳች እናት በወሎ ምድር አልሰማሁም። እርስዎ የጠየቁኝ ግን ይህንኑ ነው፤ ሽማግሌም ሳይመጣ፣ ጎረቤትም ሳይይዘኝ፣ ብቻዬን ወንበር ላይ ተቀምጬ የልጄን ሞት ራሴን እንዳረዳ፣ ያውም ባማረ ቋንቋ።

በድርሰቴ ውስጥ እናትየዋ ማለዳ ማለዳ መስኮት ከፍታ ወደ መንገዱ ታያለች፤ ሽማግሌዎች በአንድ ላይ ሆነው ሲመጡ እንደሆነ ለማየት ነው። ይህንን «ድግግሞሽ» ብለው ሰርዘውታል። ድግግሞሽ ነው። አምና በአንዱ ማለዳ በእውነትም መጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የሰፈራችን ሸህ ኑርሁሴን ከፊት ሆነው፣ ቀስ ብለው በእኛ መንገድ። መስኮቱን ያዝኩ። በሬን አልፈው ወደ ገበያነሽ ግቢ ታጠፉ። ቆስሎ የተመለሰ አንድ ልጅ ብሩን በገዛ እጁ እንደቀበረው ለሽማግሌዎቹ ነግሯቸው ኖሯል፤ ከመንግሥት ወገን ግን እስከ ዛሬ ምንም ያላት ሰው የለም። ሮጬ ሄድኩና ገበያነሽን ከኋላ ያዝኳት። ይዣት ሳለሁ ቀናሁባት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለእሷ ድንኳን ሲተከልላት ቀናሁባት። እሷም አውቃብኛለች መሰለኝ፣ ልቅሶው ካለፈ በኋላ «ሂንድዬ፣ እኔስ ቁርጤን አወቅሁ፤ የከፋውስ ያንቺው ነው» አለችኝ።

ሸህ ኑርሁሴንን እንደ ሟች ሰደቃ ላውጣለት ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። «አብሽሪ ልጄ፤ ሞቱን የነገረን ሳይኖር የሟች ዱአ አናደርግለትም፤ የመንገደኛ ዱአ እናደርግለታለን» አሉኝ። በየሐሙሱ በምንሰበሰብበት የወዳጃ ጸሎት ላይ ለመንገደኛ ዱአ ሲደረግ የጀላል ስም ይጠራል። እንግዲህ ይዩልኝ፣ ሸህየው የእርስዎን ትምህርት አልተከታተሉም፤ ገጸ ባሕርይ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ መኖር እንደሚችል ያምናሉ።

እኔ ግን እርስዎን ለማመን ቆርጫለሁ። የአንድ ልጅ መጨረሻው መታወቅ አለበት የሚለው ትምህርትዎ ልቤን ነክቶታል። ከዚህ የሚበልጥ እውነት ከመንግሥት መድረክ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህም በታላቅ ትሕትና የምለምንዎት፣ ይኸው ትምህርት በሚያዝያ በአዳራሹ ከነበርነው ጥቂት ሰዎች አልፎ ለሚመለከታቸው ቢሮዎች እንዲሰጥልኝ ነው። ስለ ልጄ ልጠይቅ በሄድኩባቸው ቢሮዎች ሁሉ ገጸ ባሕርይ አያያዝ የማያውቁ ጸሐፊዎች ተቀምጠዋል። አንዱ «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው» ይለኛል፤ ሌላው «ሲታወቅ ይነገርዎታል» ይለኛል፤ አንዱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከድቶ እንዳይሆን ጠይቆኛል። እነዚህ ሰዎች ስንቱን ጀግና በአየር ላይ አንጠልጥለው እንደተዉት እርስዎ ቢያዩ፣ ቀይ እስክሪብቶዎ ባለቀ ነበር። ወይ ይመልሱት፣ ወይ ይንገሩኝ። እርስዎ ራስዎ አንድ ገጽ ይበቃል ብለዋል፤ እኔ አንድ መስመርም ይበቃኛል።

ያ መስመር እስኪመጣ ድረስ የድርሰቱን ጀላል ልገድለው አልችልም። ካልታተመ ይቅር። ሬዲዮው ዝም እንዳለ፣ እሱም እየሄደ ይቆይ።

የኮሚቴውን ቀና አመለካከት፣ የእርማቱን ጥራት፣ የቀለሙንም ድምቀት እያደነቅሁ፣ ለሥራዎ መቃናት ዱአ በማድረግ፣ ወደፊትም ልጆቻችንን በወረቀት ላይ በምትፈልጉት ቁመትና ወኔ ለመቅረጽ እንድትበቁ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስላጠፋሁ ይቅርታዎን የምለምን፣

ታዛዥዎና ደካማዋ የእናት ገጸ ባሕርይ፣
ሂንድ አብዱልሐሚድ
ጨርቅ ሻጭ፣ ሆጤ፣ ደሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በረቂቁ የመጨረሻ ገጽ ኅዳግ ላይ፣ ሬዲዮው ጸጥ ካለበት መስመር ጎን፣ በቀይ ቀለም «ይህ ልጅ የት ደረሰ? መልስ ያስፈልጋል» ብለው ጽፈው ፈርመውበታል፤ የኮሚቴው ማኅተምም አርፎበታል። ስለ ድርሰቱ ልጅ መጠየቅዎን አውቃለሁ። ሆኖም ጀላል ከሄደ ወዲህ ማኅተም ካለው ቢሮ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ ያን ገጽ አልመልስልዎትም፤ ከረቂቁ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ፤ ከፊርማዎ ሥር እኔም ፈርሜበታለሁ።